የቀይ መብራት ካሜራ ምንድን ነው?

የቀይ መብራት ካሜራ በመስቀለኛ መንገድ የሚተከልና መብራቱ ቀይ ከሆነ በኋላ የማቆሚያውን መስመር አልፎ የሚገባን ተሽከርካሪ ራሱ ለይቶ ፎቶግራፍ የሚያነሳ መሣሪያ ነው። ከፍጥነት መቆጣጠሪያ ካሜራ ጋር ብዙ ጊዜ ይምታታል፤ አንዳንድ መሣሪያም ሁለቱንም ሥራ ደርቦ ይሠራል። ሆኖም የፍጥነት ካሜራ የሚመዝነው ተሽከርካሪው ምን ያህል ፈጥኖ እንደነበር ሲሆን የቀይ መብራት ካሜራ የሚመዝነው መቼ እንደገባ ነው። ክርክሩም በአብዛኛው የሚነሳው ከዚህ ነው፤ «መቼ» የሚለውን የሚወስነው ካሜራው ሳይሆን ከቀዩ በፊት የሚበራው ቢጫ መብራት ነውና።

ካሜራው ያለማቋረጥ ሲያነሳ አይውልም። ከመብራቱ መቆጣጠሪያ ጋር የተያያዘ በመሆኑ አረንጓዴና ቢጫ በሚበሩበት ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቆያል፤ የሚነቃው ቀዩ ሲበራ ነው። በማቆሚያው መስመር አካባቢ ከአስፋልቱ ሥር የሽቦ ጥቅል ይቀበራል፤ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ስለሚያልፍ ብዙ ብረት ያለው አካል ሲሻገርበት የጥቅሉ የኤሌክትሪክ ጠባይ ይለወጣል፤ መሣሪያውም ተሽከርካሪ ማለፉን በዚህ ያውቃል። ሁለት ጥቅሎች በታወቀ ርቀት ተከታትለው ከተቀበሩ ተሽከርካሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ለመድረስ የፈጀበት ጊዜ ፍጥነቱን ያሳያል። በአዳዲስ መሣሪያዎች ግን ራዳር ወይም የቪዲዮ ምስልን የሚተነትን ፕሮግራም ይህን ሥራ ስለሚሠራ አስፋልት መቆፈር የግድ አይደለም።

በተለመደው አሠራር ካሜራው የሚያነሳው አንድ ሳይሆን ሁለት ፎቶግራፍ ነው። በመጀመሪያው ላይ መብራቱ ቀይ ሆኖ ሳለ ተሽከርካሪው ገና መስመሩን ሳያልፍ ይታያል፤ በሁለተኛው ላይ ያው ተሽከርካሪ መስቀለኛው መንገድ ውስጥ ገብቶ ይታያል። ሁለቱ ተያይተው ካልቀረቡ ማስረጃው ጎዶሎ ነው፤ ምክንያቱም በአብዛኛው ሕግ መሠረት በአረንጓዴ ወይም በቢጫ ገብቶ ገና ሳይወጣ ቀይ የበራበት አሽከርካሪ ቀይ መብራት አልጣሰም፤ መስመሩን ጥቂት አልፎ የቆመም ቢሆን ጥፋቱ መስቀለኛውን መንገድ አቋርጦ ከሄደው ጋር እኩል አይደለም። በምስሉ ላይ ቀንና ሰዓት፣ ቀዩ ከበራ በኋላ ያለፈው ጊዜ፣ ብዙ ጊዜም ፍጥነቱ አብረው ይታተማሉ። ብዙዎቹ መሣሪያዎች ቀዩ እንደበራ ወዲያው አያነሱም፤ ለጥቂት አስረኛ ሰከንዶች በዝምታ ያልፋሉ። ጊዜው አጭር ይምሰል እንጂ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ0.3 ሰከንድ ውስጥ ከ4 ሜትር በላይ ይሄዳል።

መሣሪያው የተወለደው በኔዘርላንድ ሲሆን አመጣጡ ፈገግ ያሰኛል። እ.ኤ.አ. በ1953 የሞንቴ ካርሎ ራሊ የተባለውን የመኪና ውድድር ያሸነፈው ማውሪስ ጋትሶኒደስ መጀመሪያ የሠራው የፍጥነት መለኪያ የታሰበው ለራሱ ነበር፤ በጠመዝማዛ መንገድ ላይ ፍጥነቱን እየለካ ይበልጥ ፈጥኖ ለመንዳት ነበር ፍላጎቱ። ያቋቋመው ጋትሶሜተር የተባለው ድርጅት ኋላ ላይ ሌሎችን ለማዘግየት የሚያገለግሉ መሣሪያዎችን በመሥራት ታወቀ። የመጀመሪያው የቀይ መብራት ካሜራ እ.ኤ.አ. በ1965 ሥራ ላይ ሲውል ተሽከርካሪውን የሚያውቀው በመንገዱ ላይ አግድም በተዘረጋ ቱቦ ነበር። በአሜሪካ ቀድማ የጀመረችው የኒው ዮርክ ከተማ ስትሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1993 ነው።

ፎቶግራፉ ታርጋውን እንጂ አሽከርካሪውን ሁልጊዜ አያሳይም፤ ስለዚህ ቅጣቱ በማን ላይ እንደሚያርፍ አገሮች የተለያየ መልስ ሰጥተዋል። በኒው ዮርክ ተጠያቂው የመኪናው ባለቤት ነው፤ 50 ዶላር ይከፍላል፤ በመንጃ ፈቃዱ ላይ ግን የጥፋት ነጥብ አይመዘገብበትም። በካሊፎርኒያ በነባሩ ሕግ ጥፋቱ የአሽከርካሪው ስለሆነ ፊቱም መነሳት አለበት። በብሪታንያ ለባለቤቱ ደብዳቤ ተልኮ በዚያ ሰዓት የነዳው ማን እንደነበር እንዲያሳውቅ ይገደዳል። ጀርመን ደግሞ ጥፋቱን በጊዜው ርዝመት ለሁለት ትከፍለዋለች፤ ቀዩ ከበራ ከአንድ ሰከንድ በላይ ቆይቶ የገባ ሰው ቅጣቱ ከመክበዱም በላይ ለአንድ ወር እንዳያሽከረክር ይታገዳል። ይህ አከፋፈል አስተዋይነት ያለበት ይመስለኛል፤ በቢጫው ማብቂያ የዘገየና ቀዩን እያየ የገባ ሰው አንድ አይደሉምና።

ካሜራው አደጋ ይቀንሳል ወይ ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ወይም «አይ» ብሎ መመለስ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳናዎች አስተዳደር ያወጣው የሰባት አካባቢዎች ጥናት እንዳመለከተው አንዱ መኪና ሌላውን ከጎን የሚመታባቸው ግጭቶች 24.6 በመቶ ሲቀንሱ ከኋላ የሚመጣ መኪና የፊተኛውን የሚገጭባቸው ደግሞ 14.9 በመቶ ጨምረዋል። የጭማሪው ምክንያት አሽከርካሪዎች ቅጣቱን ፈርተው ድንገት ፍሬን መያዛቸው ነው። የጎን ግጭት በአብዛኛው ከኋላ ግጭት የከፋ ጉዳት ስለሚያደርስ አጥኚዎቹ በጠቅላላ ሲታይ መጠነኛ ጥቅም አለው ብለዋል። በሌላ በኩል የአሜሪካዋ የሂዩስተን ከተማ ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ድምፅ ሰጥተው ካሜራዎቹ እንዲወገዱ ካደረጉ በኋላ የተደረገ ጥናት ካሜራዎቹ ጠቅላላውን የአደጋ ቁጥር ለመቀነሳቸው ማስረጃ አላገኘም።

የቢጫው ነገር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 የተፈረመው የቪየና የመንገድ ምልክቶች ስምምነት እንደሚለው ቢጫ ሲበራ ተሽከርካሪ የማቆሚያውን መስመር ማለፍ የለበትም፤ ከመስመሩ እጅግ ከመቅረቡ የተነሳ ያለ አደጋ መቆም ካልቻለ ግን ማለፍ ይችላል። እንግዲህ ቢጫው ሊቆም የማይችለውን ሰው ለማሳለፍ የሚበቃ ርዝመት ሊኖረው ይገባል። መሐንዲሶች ስሌቱን የሚሠሩት አሽከርካሪው ቢጫውን አይቶ እስኪወስን አንድ ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፣ ከዚያ በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 3 ሜትር ገደማ እየቀነሰ ይቆማል ብለው ነው። በዚህ ስሌት በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ 3.3 ሰከንድ ያህል፣ በ70 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ደግሞ 4.2 ሰከንድ ያህል ቢጫ ያስፈልጋል።

የ70 ኪሎ ሜትር መንገድ ቢጫው 3 ሰከንድ ብቻ ቢሆን ምን እንደሚከተል እንይ። አሽከርካሪው ለመቆም 80 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል፤ በ3 ሰከንድ ውስጥ ግን የሚሄደው 58 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ቢጫው ሲበራ ከመስመሩ 70 ሜትር ላይ የነበረ ሰው እንደ ደንቡ በዝግታ መቆምም ሆነ ቀዩ ሳይበራ መድረስም አይችልም። ፍጥነቱን ጠብቆ፣ ነቅቶ፣ ምንም ሳያጠፋ ይቀጣል። መሐንዲሶች ይህን ሥፍራ «የውዥንብር ቀጠና» በሚል ዓይነት ስም ይጠሩታል፤ ውዥንብሩ ግን የአሽከርካሪው ሳይሆን የሰዓቱ ነው። ካሜራ ባይኖር ኖሮ አንድ የትራፊክ ፖሊስ ሁኔታውን አይቶ ያልፈው ይሆናል፤ ካሜራው ግን አያይም፤ ይቆጥራል እንጂ።

በአሜሪካዋ የፊላደልፊያ ከተማ የተደረገ ጥናት የቢጫውንና የካሜራውን ውጤት ነጣጥሎ በማየቱ ይጠቅማል። መጀመሪያ ቢጫው በአንድ ሰከንድ ያህል ሲረዝም ጥሰቱ 36 በመቶ ቀነሰ፤ ከዚያ ካሜራ ሲጨመር ከቀረው ጥሰት 96 በመቶው ጠፋ። ቢጫውን ማስተካከል ብቻውን ሁሉንም እንደማያስቆም ይህ ያሳያል፤ ከጣሾቹ መካከል ከሲሶ የሚበልጡት ግን የሚያስፈልጋቸው ቅጣት ሳይሆን አንድ ሰከንድ እንደነበረም ያሳያል።

ሰከንዱን የሚወስነው አካል ከቅጣቱ ገቢ የሚያገኝ ሲሆን ችግሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በቺካጎ ካሜራዎቹን ያቀረበው ኩባንያ ጉቦ ይሰጥ እንደነበር በፍርድ ቤት ተረጋግጦ አንድ የከተማው የቀድሞ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2016 የ10 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል። በዚያችው ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ቢጫው ከ3 ሰከንድ በታች የቆየባቸው ጥሰቶችም እንዲቀጡ በጸጥታ በተደረገ ለውጥ ምክንያት ወደ 77,000 የሚጠጉ ተጨማሪ የ100 ዶላር ቅጣቶች መላካቸውን የከተማዋ ዋና ተቆጣጣሪ ይፋ አድርጓል። ልዩነቱ አንድ አስረኛ ሰከንድ ነበር።

የስሌቱ ቀመር ራሱም ክርክር ተነስቶበታል። በኦሪገን ግዛት የሚኖር አንድ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ፣ ሚስቱ በቀይ መብራት ካሜራ ከተቀጣች በኋላ ቀመሩን ሲመረምር የሚሠራው ቀጥ ብሎ ለሚያልፍ መኪና ብቻ እንደሆነ ተረዳ፤ ለመታጠፍ ፍጥነቱን የሚቀንስ አሽከርካሪ ወደ መስመሩ ለመድረስ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋል። ግኝቱን ለሰው ሲያካፍል የግዛቱ የምህንድስና ቦርድ «ያለ ፈቃድ ምህንድስና ሠርተሃል» ብሎ 500 ዶላር ቀጣው። ጉዳዩን ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ወስዶ እ.ኤ.አ. በ2018 ተፈረደለት፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የአሜሪካ የትራንስፖርት መሐንዲሶች ተቋም ስለ ቢጫ መብራት ርዝመት የሚሰጠውን መመሪያ አሻሽሎ የሚታጠፉትን አሽከርካሪዎች ጨመረበት።