ዲሲፕሊን፦ ከትምህርት ቤት የወጣ ቃል

አንድ ሰው ላይ «የዲሲፕሊን እርምጃ ተወሰደበት» ሲባል «ምን ተማረ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የሚጠየቀው ለስንት ጊዜ እንደታገደ ነው። የሚከተሉት ስሕተቶች ብዙዎቹ የሚጀምሩት ከዚህ ልማድ ነው።

«ዲሲፕሊን ማለት ቅጣት ነው።»

የቃሉ ሥር ላቲን ነው። «ዲስኬሬ» መማር፣ «ዲስኪፑሉስ» ተማሪ፣ «ዲስኪፕሊና» ደግሞ ተማሪው ከመምህሩ የሚቀበለው ትምህርትና ሥልጠና ነው። ጅራፍ የመጣው በኋላ ነው።

«እንግዲያው ቅጣት በቅርቡ የተለጠፈበት ባዕድ ትርጉም ነው።»

ይህ የመጀመሪያው ስሕተት ግልባጭ ነው። ልጅ አይቀጣ ለማለት የቃሉን ሥር የሚጠቅሱ ሰዎች ይወዱታል፤ ዓላማቸው መልካም ሊሆን ይችላል፣ ማስረጃቸው ግን አያዛልቅም። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ ገዳማት መነኮሳት ሥጋቸውን የሚጎስሙበት ጅራፍ ራሱ «ዲስኪፕሊና» ይባል ነበር። እንግሊዝኛ ቃሉን በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከፈረንሳይኛ ሲወስድም፣ በጽሑፍ ቀድሞ የሚገኘው ትርጉሙ የንስሓ ቅጣት ነው። ትምህርትና ቁጣ በአንድ ቃል ውስጥ ማደራቸው ደግሞ የላቲን ብቻ ጠባይ አይደለም። መጽሐፈ ምሳሌ በመክፈቻው «ጥበብንና ተግሣጽን ለማወቅ» ይላል። በዚያው ስፍራ የላቲኑ ትርጉም «ዲስኪፕሊና»፣ የግሪኩ «ፓይዴያ» የሚለውን ቃል ያስቀምጣል። ፓይዴያ «ልጅ» ከሚለው ቃል የወጣ ሲሆን ልጅን አስተምሮ ማሳደግ ማለት ነው። የእኛውም «ተግሣጽ» ምክር ነው፣ ቁጣም ነው፤ የቱ እንደሆነ የሚለየው የተናጋሪው ድምፅ ነው።

«ከወታደር ቤት የመጣ ነው።»

ሮማውያን ለጦራቸው ዲስኪፕሊናን እንደ ሴት አምላክ ያመልኩ ነበር፤ ከእ.ኤ.አ. 117 እስከ 138 የገዛው ንጉሠ ነገሥት ሃድሪያን ስሟን በገንዘቡ ላይ አስቀርጿል፣ በብሪታንያ ምሽጎችም መሠዊያዎቿ ተገኝተዋል። የቃሉ ሥር ግን ከጦር ሜዳ አይነሣም። በሠራዊቱም ዘንድ ቢሆን ዲስኪፕሊና ማለት ጸጥ ብሎ መታዘዝ ብቻ አልነበረም። በልምምድ የሚገኝ የውጊያ ሙያም ጭምር ነበር።

«ከክርስቶስ ደቀ መዛሙርት መጠሪያ የተወሰደ ነው።»

ቅደም ተከተሉ ተገልብጧል። «ዲስኪፑሉስ» ከክርስትና በፊትም የማንኛውም መምህር ተማሪ ነበር።

«በዩኒቨርሲቲ የትምህርት ዘርፍ ዲሲፕሊን የሚባለው በአጋጣሚ ነው።»

እንዲያውም ለጥንቱ ትርጉም የሚቀርበው ይህ ነው። ሮማዊው ሊቅ ቫሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን፣ ሕክምናንና ሥነ ሕንፃን ጨምሮ ዘጠኝ የእውቀት ዘርፎችን በዘጠኝ መጻሕፍት ሲያቀርብ፣ ሥራውን የሰየመው በዚሁ ቃል ነበር።