በጦር ጌም ውስጥ «አማራጭ ደንብ» ምንድን ነው?

ጣርማ በር ላይ ጭጋግ ሲወርድ፣ ቁልቁል ያለችው ደብረ ሲና ትቅርና ከፊት የሚሄደው መኪናም አይታይም። በኮምፒውተር የጦር ጌሞችም «የውጊያ ጭጋግ» የሚባል ደንብ አለ። ሲበራ ወታደሮቻችሁ ያዩትን ጠላት ብቻ ታያላችሁ፤ ሲጠፋ ካርታው ወለል ብሎ ይታያል። እንዲህ በመሠረታዊው ሕግ ላይ የሚደረብ፣ ተጫዋቹ ሊያበራውም ሊያጠፋውም የሚችል ደንብ አማራጭ ደንብ ይባላል።

ሐሳቡ ከኮምፒውተር ይቀድማል። የፕሩሲያው መኮንን ራይስቪትስ እ.ኤ.አ. በ1824 ባወጣው የጦር ጨዋታ ማን ምን እንዳየ የሚወስነው ዳኛ ነበር። ዛሬ ዳኛው ፕሮግራሙ ነው። ይግባኝ አይሰማም፤ ስለዚህ በየትኛው ደንብ እንደሚፈርድ አስቀድሞ ይነገረዋል።

ብዙ የሚያከራክረው የተኩስ ውጤት ደንብ ነው። አንድ ሻለቃ ጦር ተኩሶ ከ10 እስከ 50 ሰው ሊጥል ይችላል እንበል። በመደበኛው አሠራር ፕሮግራሙ አንድ ዕጣ ያወጣል፤ በመካከል ያለው ቁጥር ሁሉ እኩል ዕድል አለው። አማራጩ ሲበራ ሁለት ዕጣ አውጥቶ አማካዩን ይወስዳል። የረጅም ጊዜው አማካይ በሁለቱም 30 ነው፤ የሚለወጠው ዳርና ዳሩ ነው። ከ14 በታች የመውጣት ዕድሉ ከ10 በመቶ ወደ 2 በመቶ ይወርዳል፣ ከ26 እስከ 34 ያለው ደግሞ ከ20 ወደ 36 በመቶ ይወጣል። በሰው ብዛት የሚበልጠው ወገን ደስ ይለዋል። ገደል አፋፍ ላይ አንድ ሻምበል ጦር አስቀምጦ «ዕድል ታወጣኛለች» የሚለው ግን ይከስራል።

ከሁሉም ጨዋታን የሚያከብደው የተረበሸ፣ ማለትም በተኩስ ሥርዓቱ የተናጋ የጠላት ክፍል ዘግይቶ እንዲታወቅ የሚያደርገው ደንብ ነው። ልማዱ የታወቀ ነው፦ ጠላት «ተረበሸ» እስኪል መተኮስ፣ ከዚያ ጨበጣ መግባት። ደንቡ ሲበራ መረበሹ የሚታየው በሚቀጥለው ተራ ነው። ሁለት ጊዜ ተኩሶ በግምት ጨበጣ የገባ፣ ያልተረበሸ ጠላት ሲያጋጥመው ሰውም ጊዜም ያጣል። መፍትሔው ተጠባባቂ ክፍል ይዞ መግባት ወይም አንድ ተራ መታገሥ ነው።

የስንቅና ትጥቅ ደንቦችን በአጭሩ እንለፋቸው፦ መኪኖቹን ራሳችሁ እንድትነዱ የሚያስገድደው ለትንሽ ሲናሪዮ (በጌሙ ውስጥ ተዘጋጅቶ ለሚመጣ አንድ ውጊያ) ደስ ይላል፣ ለትልቁ ግን አሰልቺ ነው።

አዲስ ደንብ ሲጻፍ ለምን ለሁሉም አይበራም? ተከታታይ ጌሞች በአንድ ሞተር፣ ማለትም በጋራ መሠረታዊ ፕሮግራም ስለሚሠሩ አዲሱ ደንብ ብዙ ጊዜ በዝማኔ ወደ ቆዩትም ይገባል። የቆየው ሲናሪዮ ግን የተራው ብዛትና የድል ነጥቡ የተመዘነው በድሮው ሕግ ነው። ለምሳሌ በጠላት ዙሪያ ካሉት ስድስት ሄክሶች (ካርታው የተከፋፈለባቸው ባለ ስድስት ጎን ቦታዎች) ከአንዱ ወደ ሌላው በቀጥታ መሻገርን የሚከለክለው ደንብ አጥቂውን ያዘገያል፤ ለ20 ተራ የተሠራ ሲናሪዮ ላይ ካበራችሁት ከተማው ሳይያዝ ተራው ያልቃል። ሲናሪዮውን የሠራው ሰው የተወውን ማስታወሻ ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሌላው ችግር የሚመጣው ፋይል በመላላክ ሲጫወቱ ነው፤ አንዱ ደብረ ብርሃን፣ ሌላው ሸዋ ሮቢት ሆኖ በቴሌግራም። ደንቡን የሚመርጠው ጨዋታውን የከፈተው ሰው ነው፤ ምርጫው በፋይሉ ውስጥ ይቀመጣል፣ በመሃል አይለወጥም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተራ በፊት የምርጫውን ገጽ ፎቶ አንስታችሁ ለተጋጣሚያችሁ ላኩ፤ የሁለታችሁም ጌም አንድ ዓይነት ዝማኔ ላይ መሆኑንም አረጋግጡ። ለጀማሪ ጭጋጉን ብቻ ማብራት ይበቃል። ሌላውን አንድ በአንድ፣ ያንኑ አጭር ሲናሪዮ ደግማችሁ በመጫወት ጨምሩ፤ አምስቱን በአንዴ ካበራችሁ የተሸነፋችሁት በየትኛው እንደሆነ መለየት አይቻልም።