የፕላኔቶች ምህዋርና የቁጥሮች ስምምነት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ፕላኔቶች በሰማይ ላይ አበባ ይስላሉ፣ ያዜማሉ፣ ርቀታቸውም በምስጢራዊ ቁጥር የተለካ ነው የሚሉ ጽሑፎችና ሥዕሎች በብዛት ይዘዋወራሉ። ከእነዚህ መካከል እውነት ያለባቸው አሉ፤ እውነቱ ግን ብዙ ጊዜ ተነገረ በተባለበት ቦታ አይገኝም። ለመለየት የሚረዳው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህን ቅርፅ ወይም ይህን ምጣኔ ጠብቆ የሚያቆይ ኃይል አለ ወይስ ቁጥሮቹ እንዲያው ተቀራርበው ነው?

የተሳሳተ አመለካከት፦ ምህዋሮች እንደ እንቁላል የተለጠጡ ናቸው።

የሥነ ፈለክ ሊቁ ዮሐንስ ኬፕለር እ.ኤ.አ. በ1609 የማርስ ምህዋር ክብ ሳይሆን ሞላላ መሆኑን ካሳወቀ ወዲህ፣ ሠዓሊዎች ሞላላነቱን አጋንነው ማሳየት ለምደዋል። የማርስን ምህዋር በወረቀት ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ሰጥተን በልኩ ብንስለው ግን፣ አጭሩ ወርድ ከረጅሙ የሚያንሰው አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ በማይሞላ ልዩነት ስለሆነ ዓይን ፍጹም ክብ ነው ብሎ ይምላል። ጎልቶ የሚታየው ሌላ ነገር ነው፤ ፀሐይ ከመካከሉ 9 ሚሊ ሜትር ያህል ፈቀቅ ብላ ትቀመጣለች። በዚሁ ልክ የተሳለ የመሬት ምህዋር ደግሞ የሁለቱ ወርዶች ልዩነት ከፀጉር ውፍረት ያነሰ ይሆናል። ኬፕለር መጀመሪያ የማርስን መንገድ በክብ ለማስላት ብዙ ደክሞ ነበር። ስሌቱ የሰማይ አካላትን በጥንቃቄ ይለካ ከነበረው ከቲኮ ብራሄ ምልከታ ጋር ያልገጠመው በ8 የዲግሪ ደቂቃ፣ ማለትም የሙሉ ጨረቃን ስፋት ሩብ በሚያህል ልዩነት ብቻ ነው። ያቺን ትንሽ ልዩነት ቸል ሳይል ሥራውን እንደገና መጀመሩ፣ በእኔ ግምት፣ በሥነ ፈለክ ታሪክ ውስጥ ከታዩት የታማኝነት ሥራዎች ሁሉ ይበልጣል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ቬነስ በየ8 ዓመቱ ፍጹም ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ትስላለች።

ይህ ከሁሉ የሚያምረውና ወደ እውነት በጣም የሚጠጋው ነው። ቬነስ በመሬትና በፀሐይ መካከል የምትገባው በየ584 ቀኑ ገደማ ሲሆን፣ ይህ በ8 ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ ይሆናል። አምስቱን ቦታዎች በየተራቸው በመስመር ብናገናኝ ባለ አምስት ጫፍ ኮከብ ይወጣል፤ መሬትን መካከል ላይ አቁመን የቬነስን መንገድ ብንከተል ደግሞ አምስት ቅጠል ያለው አበባ እናገኛለን። አበባው ግን የሚታየው ከመሬት ሆኖ ለሚመለከት እንጂ፣ ቬነስ ራሷ የምትጓዘው ክብ ሊባል በሚችል ምህዋር ላይ ነው። ኮከቡም አይገጥምም። አምስቱ ዙሮች 2919.6 ቀን ሲሆኑ 8 ዓመት ደግሞ 2921.9 ቀን ስለሆነ፣ ሁለት ቀን ከግማሽ የማይሞላ ጊዜ ይተርፋል፤ በዚህም ምክንያት ሥዕሉ በየ8 ዓመቱ ሁለት ዲግሪ ከምናምን እየዞረ ይሄዳል፣ አንዱ ጫፍ በጎረቤቱ ቦታ ላይ እስኪደርስም ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ይፈጃል። መሬት ፀሐይን 8 ጊዜ ስትዞር ቬነስ 13 ጊዜ ያህል ትዞራለች፤ ሁለቱን በዚህ ምጣኔ አስሮ የሚይዝ ስበት ግን የለም፤ ቁጥሮቹ ተጠጋግተው ብቻ ነው።

የሁለቱ ዓመታት ምጣኔ በውበቱ የሚወደሰው ወርቃማው ምጣኔ የተባለው ቁጥር ነው የሚለው አባባልም እንደዚሁ ነው። የመሬት ዓመት ለቬነስ ዓመት ሲካፈል 1.6255 ይሆናል፤ ወርቃማው ምጣኔ ግን 1.618 ነው። የምህዋር ጊዜ እጅግ በረቀቀ ሁኔታ የሚለካ በመሆኑ ይህን ልዩነት የመለኪያ ስህተት ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ የፕላኔቶች ርቀት በአንድ የቁጥር ሰንሰለት ይገዛል።

በ1766 ቲቲየስ በተባለ ሊቅ ቀርቦ በ1772 ቦዴ በተባለ ሌላ ሊቅ የታወቀው ደንብ 0፣ 3፣ 6፣ 12 እያለ በሚያድግ ቁጥር ላይ 4 ጨምሮ ለ10 ያካፍላል፤ ውጤቱም ከመሬት እስከ ፀሐይ ያለውን ርቀት እንደ አንድ ቆጥሮ የእያንዳንዱን ፕላኔት ርቀት ይሰጣል። በ1781 የተገኘው ዩራነስና በ1801 በማርስና በጁፒተር መካከል የተገኘችው ትንሿ ሴሬስ በደንቡ ቦታ አካባቢ በመገኘታቸው ብዙዎች አመኑበት። በ1846 ኔፕቲዩን ሲገኝ ግን ደንቡ 38.8 ሲል እውነተኛው ርቀት 30 ሆነ፤ ከዚያ ወዲህ እንደ ሕግ የሚቆጥረው የለም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ፕላኔቶች የሚሰማ ሙዚቃ ያወጣሉ።

ኬፕለር በ1619 ባሳተመው ሥራው ሳተርን ለፀሐይ ሲቀርብና ሲርቅ የሚኖረው የቀን ጉዞ 5 ለ4 መሆኑን አስልቶ ከሙዚቃ ድምፆች ጋር አነጻጽሯል፤ እርሱም ቢሆን ይህ ዜማ በአእምሮ እንጂ በጆሮ የሚሰማ አይደለም ብሏል። የዜማው ንጽጽር በሳይንስ አልዘለቀም። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ የሰፈረው ሌላ ስምምነት ግን እስከ ዛሬ ጸንቷል፦ የመሬት ዓመትና የመሬት ርቀት እንደ አንድ ሲቆጠሩ፣ የአንድ ፕላኔት ዓመት ርዝመት በራሱ ሲባዛ፣ ከፀሐይ ያለው አማካይ ርቀት ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። ጁፒተር ከፀሐይ ያለው ርቀት የመሬትን 5.2 እጥፍ ነው፤ ሦስት ጊዜ ሲባዛ 140.6 ይሆናል። የጁፒተር ዓመት 11.86 የመሬት ዓመት ነው፤ በራሱ ሲባዛ 140.7 ይሆናል። ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊያረጋግጠው የሚችለው ይህ ስምምነት በስበት ሕግ የሚመጣ ስለሆነ፣ በኬፕለር ዘመን ባልታወቁት በዩራነስና በኔፕቲዩንም ላይ ይሠራል።

የተሳሳተ አመለካከት፦ እንግዲያው ሙሉ ቁጥሮች መግጠማቸው ሁልጊዜ አጋጣሚ ነው።

ይህም ሌላው ጽንፍ ነው። ከጁፒተር ጨረቃዎች ጋኒሜድ አንድ ጊዜ ስትዞር ዩሮፓ ሁለት፣ አዮ ደግሞ አራት ጊዜ ትዞራለች። እዚህ ላይ ግጥሚያውን ስበት ራሱ ይጠብቀዋል፤ ሦስቱ በአንድ ጊዜ በአንድ ወገን ፈጽሞ አይሰለፉም፣ በየጊዜው የሚደጋገመው ጉተታም የአዮ ምህዋር ፍጹም ክብ እንዳይሆን ስለሚያደርግ፣ ጁፒተር እያሻት ውስጧ ይግላል፣ እሳተ ገሞራዎቿም አያርፉም። ፕሉቶም ከ1979 እስከ 1999 ከኔፕቲዩን ይልቅ ለፀሐይ ቀርቦ ነበር፤ ነገር ግን ኔፕቲዩን ሦስት ጊዜ ሲዞር ፕሉቶ ሁለት ጊዜ ስለሚዞር ፈጽሞ አይጠጋጉም።

የተሳሳተ አመለካከት፦ ስምምነት ካለ ዘላለማዊ ጽናት አለ።

በማርስና በጁፒተር መካከል ካሉት አስትሮይዶች፣ ማለትም ፀሐይን ከሚዞሩት ትናንሽ ዓለታማ አካላት ውስጥ፣ ጁፒተር አንድ ጊዜ ሲዞር ሦስት ጊዜ የሚዞሩት ከሞላ ጎደል የሉም። ፕሉቶን የጠበቀው ዓይነት የቁጥር ግጥሚያ እነዚህን ከመንገዳቸው አውጥቶ በትኗቸዋል፤ በቦታቸው የቀረው ባዶ ክፍተትም ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ይታወቃል። ስለ ፕላኔቶቹ ደግሞ በ2009 የታተመ የኮምፒውተር ስሌት የፀሐይን ሥርዓት የወደፊት 5 ቢሊዮን ዓመታት በ2501 መንገድ አስልቶ፣ በአንድ በመቶ ገደማ በሚሆኑት ውስጥ የሜርኩሪ ምህዋር እጅግ ሲለጠጥ አግኝቷል፤ ጥቂቶቹም ሜርኩሪ ከፀሐይ ወይም ከቬነስ ጋር ሲጋጭ አሳይተዋል።