ድኅረ ቅኝ ግዛት ልቦለድ ምንድን ነው?

ከቅኝ ግዛት በወጡ አገሮች ደራሲዎች የጻፏቸው ልቦለዶች በዚህ ስም ይጠራሉ፤ ስሙ ግን ያሳስታል። «ድኅረ» የሚለው ቃል ቅኝ ግዛት ያለፈ የተዘጋ ታሪክ ያስመስለዋል፤ ልቦለዶቹ የሚሟገቱት ግን ይህንኑ አስተሳሰብ በመቃወም ነው። የገዢው ባንዲራ ወርዷል። መሬቱ፣ ባንኩና የትምህርት ቤቱ ቋንቋስ በማን እጅ ቀሩ? እምቢታቸው የሚነሣው ከዚህ ጥያቄ ነው።

ነገሩን አጥርቶ ያሳየኝ ኬንያዊው ደራሲ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። እርሱ በተማረበት ዘመን ትምህርት ቤት ውስጥ የእናት ቋንቋውን ጊኩዩን ሲናገር የተገኘ ልጅ ይገረፍ፣ «አህያ ነኝ» የሚል ብረትም አንገቱ ላይ ይንጠለጠልበት ነበር። ንጉጊ በእንግሊዝኛ ልቦለዶቹ ስሙ ከገነነ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1977 ካሚሪቱ በምትባል መንደር ከገበሬዎችና ከፋብሪካ ሠራተኞች ጋር በጊኩዩ ተውኔት አቀረበ። መንግሥት ተውኔቱን አገደ፤ ንጉጊንም በዓመቱ መጨረሻ ያለ ፍርድ አሰረው። በዚያው ዓመት አዲሶቹን ባለሥልጣናትና ባለሀብቶች አምርሮ የሚተች የእንግሊዝኛ ልቦለድ አሳትሞ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን አልታሰረም። እኔ እንደምረዳው፣ ያስፈራው ትችቱ ገበሬው በሚሰማው ቋንቋ መነገሩ ነው።

ካሚቲ እስር ቤት ውስጥ፣ በሽንት ቤት ወረቀት ላይ፣ በጊኩዩ ልቦለድ ጻፈ። «ሰይጣን በመስቀል ላይ» የሚል ትርጉም ያለው ይህ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1980 ታተመ። በታሪኩ ውስጥ የሌቦች ውድድር አለ፤ የአገሬው ባለጸጎች ከአሜሪካ፣ ከእንግሊዝና ከጃፓን በመጡ እንግዶች ፊት ሕዝቡን እንዴት እንደዘረፉ እየተነሡ ይፎክራሉ። አንዱማ አፈር በማሰሮ፣ አየር በጣሳ ለድሃ ቢሸጥ ይላል። ሉላዊነት የሚለው ቃል የጋዜጣ መነጋገሪያ ሳይሆን ገና፣ ንጉጊ አሠራሩን እንዲህ ሥሎታል፦ ዋናው ገንዘብ ከውጭ ይመጣል፤ በሩን የሚከፍትለት የአገር ሰው ነው።

በቋንቋ ምርጫው ሁሉም አልተስማሙም። ናይጄሪያዊው ደራሲ ቺኑዋ አቼቤ እንግሊዝኛን አልተወም፤ በእናት ቋንቋው በኢግቦ ምሳሌያዊ ንግግር እያሸ የራሱ አደረገው። ይህም እምቢታ ነው፤ ነገር ግን እንግሊዝኛ ወዳልደረሰበት ጎጆ አይገባም።

የንጉጊ መጽሐፍ ገብቷል። ማንበብ የሚችለው ልጅ ማታ ማታ ለቤተሰቡ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። በመጠጥ ቤቶችም ለተሰበሰበው የሚያነብ ሰው ነበረ፤ ታሪኩ ሲጥም ብርጭቆው ባዶ ከሆነ መጽሐፉን ያስቀምጣል፣ አድማጮቹም ቢራ አስቀድተውለት ይቀጥላል።