አዙማ ኔልሰን፦ «ፕሮፌሰሩ» የአክራ ቡጢኛ

አዙማ ኔልሰን በሁለት የክብደት ምድቦች የዓለም ሻምፒዮን የነበረ ጋናዊ ቦክሰኛ ነው። አፍሪካ ካፈራቻቸው ቡጢኞች ሁሉ ትልቁ እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ይህን ያዘጋጀሁት እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። እኛ ዘንድ የቦክስ ወሬ ሲነሳ ከመሐመድ አሊና ከታይሰን እምብዛም አያልፍም። ስለዚህ የሰውየውን ታሪክ ሰብሰብ አድርጎ ማስቀመጥ ተገቢ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኔልሰን ጁላይ 19 ቀን 1958 አክራ ውስጥ ተወለደ። አክራ ቡኮም የሚባል የባሕር ዳር ሰፈር አላት። ዓሣ አጥማጆች የሚኖሩበት ይህ ሰፈርና አካባቢው የጋና ቦክስ መፍለቂያ ነው። አገሪቱ የመጀመሪያውን የዓለም ቀበቶ ያገኘችው በ1975 ሲሆን፣ ያመጣውም ዴቪድ ኮቴ፣ በቅጽል ስሙ «ፖይዘን»፣ ነበር። ኔልሰን በ1978 ካናዳ፣ ኤድመንተን ላይ በተካሄደው የኮመንዌልዝ ጨዋታ ወርቅ አጠለቀ፤ በ1979 መጨረሻ ላይ ደግሞ ወደ ፕሮፌሽናል ቦክስ ገባ።

ዓለም ያወቀው በሽንፈት ነው። በጁላይ 1982 ሜክሲኳዊው የፌዘር ዌይት (ከቀላል የክብደት ምድቦች አንዱ) ሻምፒዮን ሳልቫዶር ሳንቼዝ ኒውዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ላይ ሊጋጠም ቀጠሮ ነበረው። ተጋጣሚው ሲቀር በአጭር ጊዜ ማስታወቂያ ኔልሰን ተተካ። ያኔ ገና 13 ፍልሚያ ብቻ የነበረው፣ አሜሪካ ውስጥ ማንም የማያውቀው ልጅ ነው። ፍልሚያውን በቪዲዮ ያየ ሰው ይገርመዋል። ልጁ አይፈራም፤ ጭንቅላቱን ዝቅ አድርጎ ወደ ፊት ይገፋል፣ ሻምፒዮኑን ያስጨንቀዋል። በሰባተኛው ዙር ወደቀ፣ ተነሳ፣ ቀጠለ። በመጨረሻው፣ በ15ኛው ዙር፣ ዳኛው አስቆመው። ሳንቼዝ ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ በመኪና አደጋ ሞተ። የመልስ ፍልሚያ ሳይኖር ቀረ።

የፌዘር ዌይት ቀበቶው የመጣው ዲሴምበር 8 ቀን 1984 ነው። ኔልሰን ፖርቶሪኮ ድረስ ሄዶ፣ በገዛ አገሩ ሕዝብ ፊት የቆመውን ዊልፍሬዶ ጎሜዝን በ11ኛው ዙር በዝረራ አሸነፈ። በ1985 እንግሊዝ ውስጥ ፓት ካውዴልን የጣለው ደግሞ በመጀመሪያው ዙር ነው። ከታች ወደ ላይ የተወረወረች አንዲት ግራ ቡጢ በቃች። በ1988 አንድ ምድብ ከፍ ብሎ ወደ ሱፐር ፌዘር ዌይት ወጥቶ ማሪዮ ማርቲኔዝን በነጥብ ረታ፤ ሁለተኛውን ቀበቶም ያዘ። በ1990 ክብደት ጨምሮ ፐርኔል ዊቴከርን ቢገጥምም በነጥብ ተሸነፈ።

ከሁሉም ይበልጥ የሚያከራክረው የጄፍ ፌኔክ ጉዳይ ነው። አውስትራሊያዊው ፌኔክ ያልተሸነፈ ቡጢኛ ነበር። በጁን 1991 ላስቬጋስ ላይ ተጋጠሙ። አንዱ ዳኛ ለኔልሰን፣ አንዱ ለፌኔክ፣ ሦስተኛው እኩል ሰጡ፤ አቻ ተባለ፤ ቀበቶውም ኔልሰን ዘንድ ቆየ። አብዛኛው ተመልካች ፌኔክ ተበድሏል ይላል። ኔልሰን በበኩሉ በወቅቱ ወባ ይዞኝ ነበር ብሏል፤ የመልሱን ፍልሚያ ላየ ሰው ይህ የሚያሳምን ነው። ማርች 1 ቀን 1992 ሜልበርን፣ ሜዳ ላይ፣ በአስር ሺዎች በሚቆጠር የአውስትራሊያ ሕዝብ ፊት እንደገና ተገናኙ። ኔልሰን 33 ዓመቱ ነው፤ አብቅቶለታል ተብሏል። ገና በመጀመሪያው ዙር ፌኔክን መሬት አስነካው። በስምንተኛው ዙር ዳኛው አስቆመ። በሙያው የመጀመሪያ የሆነውን ሽንፈት ፌኔክ የቀመሰው አገሩ ላይ ነው። «ፕሮፌሰር» የሚለው ስም የሚገባው ለዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ያጠናውን በሁለተኛው ያስተምራል።

ከአሜሪካዊው ጄሲ ጄምስ ሌይሃ ጋር አራት ጊዜ ተጋጥሟል። በ1993 አቻ ወጡ፤ በ1994 ተሸንፎ ቀበቶውን አጣ፤ በ1996 በስድስተኛው ዙር አስቆመው፤ በ1998 እንደገና ተሸነፈ። በመካከሉ፣ በዲሴምበር 1995፣ በ37 ዓመቱ ጋብርኤል ሩኤላስን በአምስተኛው ዙር አሸንፎ ቀበቶውን አስመልሷል።

በማርች 1997 ከሄናሮ ሄርናንዴዝ ጋር የሆነው አሳዛኝ ነው። የሰባተኛው ዙር ደወል ከተደወለ በኋላ የኔልሰን ቡጢ የሄርናንዴዝን ጉሮሮ መታ። ሰውየው ወደቀ፤ መቀጠል ካልቻለ ድሉና ቀበቶው የሱ እንደሚሆን ተነገረው። እንዲህ ማሸነፍ አልፈልግም ብሎ ተነሳ፤ በነጥብም አሸነፈ። ኔልሰንን እንደሚወድ ሰው እናገራለሁ፤ ያን ዕለት ክብሩ የሄርናንዴዝ ነበር።

ኔልሰን በ2004 በዓለም አቀፉ የቦክስ የዝና አዳራሽ ስሙ ሰፈረ። በ2008፣ ሃምሳ ሊሞላው አንድ ወር ሲቀረው፣ ከፌኔክ ጋር ለሦስተኛ ጊዜ ተጋጥሞ በነጥብ ተሸነፈ። በ2022 ደግሞ ቀበቶውን የሚሰጠው የዓለም የቦክስ ምክር ቤት የ1991ን አቻ ውጤት ሽሮ ድሉን ለፌኔክ ሰጠ። ከ31 ዓመት በኋላ የዳኞችን ወረቀት መልሶ መክፈት ተገቢ አይመስለኝም። ያም ሆኖ ውሳኔው የመልሱን ፍልሚያ አይነካም፤ የሜልበርኑ ስምንተኛ ዙር በኔልሰን ስም እንደተመዘገበ ነው።