ቆሻሻ «ለዩ» ሲባል ምኑን ከምን?

«ቆሻሻችሁን ለዩ» ይባላል። ምኑን ከምን እንደሆነ ግን ብዙ ሰው አልተነገረውም። በ1999 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 እንኳ እንደገና የሚያገለግለው ከሚጣለው ተለይቶ እንዲወጣ የቤቱን ኃላፊ ያዝ ነበር።

የአትክልት ልጣጭ፣ የምግብ ትራፊና የቡና አተላ ለብቻ ይቀመጥ። ጓሮ ላለው ኮምፖስት ይሆናል። ሃይላንድ፣ ጣሳና ካርቶን ደግሞ ለብቻ፤ ቆራሌው ይወስደዋል። ዋናው ነገር ደረቅ መሆኑ ነው። ወጥ የፈሰሰበትን ካርቶን ማንም አይፈልገውም፤ መለየት ያስፈለገውም ለዚሁ ነው። የቀረው ይጣል።

ፌስታልን ግን ከመለየት ከመጀመሪያው አለመቀበል ይሻላል። ዘንቢል ይዛችሁ ገበያ ውጡ! ደሴ ላይ ቦይ ውስጥ የተጣለ ፌስታል ክረምት ሲገባ ቦርከና ይገባና ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ከዚያ ውሃ ከብት ይጠጣል፤ መስኖም ይጠለፍበታል።