ለጥቂት የታለፈ አደጋ ጥናት ምንድን ነው?

ለጥቂት የታለፈ አደጋ ጥናት፣ ሁለት መንገደኞች በያዙት ፍጥነትና አቅጣጫ ቢቀጥሉ ኖሮ ይጋጩ የነበሩባቸውን፣ ነገር ግን አንዳቸው ፍሬን በመያዝ፣ መሪ በማዞር ወይም በመሸሽ ያመለጡባቸውን አጋጣሚዎች በቦታው ተገኝቶ በመቁጠር የመንገድን አደገኛነት የመመዘን ዘዴ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ተመራማሪዎች ጀመሩት፤ በኋላ በስዊድን ሉንድ ዩኒቨርሲቲ ዳበረ።

የተለመደው አሠራር የፖሊስን የአደጋ መዝገብ መመርመር ነው። መዝገቡ የግድ ያስፈልጋል። ሆኖም በአንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ከባድ አደጋ በየቀኑ ስለማይደርስ፣ የቦታውን አደገኛነት በቁጥር ለማሳየት ዓመታት መጠበቅ ይጠይቃል፤ በግልጽ ለመናገር ሰው እስኪሞት መጠበቅ ነው። በዚያ ላይ ቀላል ግጭቶች፣ በተለይ የባጃጅ፣ ብዙ ጊዜ እዚያው በስምምነት ስለሚያልቁ መዝገብ ላይ አይሰፍሩም።

ዋናው መለኪያ ጊዜ ነው። ድሬዳዋ ውስጥ ቀፊራ ገበያ አጠገብ አንድ ባጃጅ ተሳፋሪ ለመጫን ድንገት ቆመ፣ ዘንቢል የያዘች ሴትም ከፊቱ ወደ አስፋልቱ ወጣች እንበል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ሚኒባስ በሴኮንድ 10 ሜትር ይጓዛል፤ ሾፌሩ ፍሬን የያዘው 12 ሜትር ሲቀረው ከሆነ ለግጭቱ የቀረው 1.2 ሴኮንድ ብቻ ነበር። የስዊድኑ ዘዴ መጀመሪያ ላይ በከተማ ውስጥ ከ1.5 ሴኮንድ ያነሰውን ሁሉ ከባድ ብሎ ይመድብ ነበር። ኋላ ግን ፍጥነቱም በስሌቱ እንዲገባ ተደረገ፤ ምክንያቱም በዝግታ የሚሄድ ተሽከርካሪ በ1.2 ሴኮንድ ውስጥ ሊቆም ሲችል፣ የሚበረው አይችልም።

ሥራውን የሚሠሩት የሠለጠኑ ታዛቢዎች ሲሆኑ፣ ዛሬ ቪዲዮና ኮምፒውተር ያግዟቸዋል። ሥልጠናው ለይስሙላ አይደለም፤ የባጃጅ ሾፌሮች በጠባብ ክፍተት መሹለክን ስለለመዱት፣ እንግዳ ሰው የሚደነግጥበት ሁሉ ለጥቂት የታለፈ አደጋ አይሆንም። ሊቆጠር የሚገባው አንዱ ወገን ለማምለጥ በድንገት የወሰደው እርምጃ ነው። የጥቂት ቀናት ቆጠራ ችግሩ የፍጥነት፣ የዕይታ መከለል ወይም የባጃጅ መቆሚያ ማጣት መሆኑን ሊጠቁም ይችላል፤ የፍጥነት መቀነሻ ከተሠራ በኋላም ያንኑ ቆጠራ በመድገም ለውጡን በሳምንታት ውስጥ ማየት ይቻላል።

ዘዴው ግን ሁሉም ቦታ አይሠራም። ከሐረር በኩል የሚመጣው መንገድ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ ድሬዳዋ ሲወርድ፣ ጭነት የያዘ አይሱዙ ፍሬኑን እየደጋገመ ከያዘ ፍሬኑ ይግልና ኃይሉ ይደክማል፤ መኪናው የሚገለበጠውም ከማንም ጋር ሳይገናኝ ሊሆን ይችላል። እዚያ ቆሞ የሚቆጥር ታዛቢ ይህን አስቀድሞ የሚያይበት መንገድ የለውም። ለእንዲህ ያለው ቦታ የሚጠቅመው የፍሬን ምርመራ፣ የጭነት ሚዛን ቁጥጥርና ሾፌሮች ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረዳቸውን መከታተል ነው።